ፊት ነሣኝ

በዚህ እትም ስለ ፓርኪንሰን ሕመም እንነጋገራለን። የዚህ ሕመም ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚያ ያለፈ እውቀት አልነበረኝም። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ ስለ እጅ ሳይሆን ስለ ዓይንና ስለ አእምሮ ነው። ይህን ባለማወቅ ብቻ በትዳር ውስጥ የሚፈስ እንባ አይቻለሁና።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ለብቻዬ ሊያነጋግሩኝ ፈለጉ። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ከባለቤታቸው ከጋሼ ጋር ከአርባ ዓመት በላይ በትዳር ኖረዋል። ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሰዉ ሲበተንና ሁለታችን ስንቀር እትዬ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ? ሰውየው ፊት ነሣኝ። ሳወራው አያየኝም። ቢያየኝም ዓይኑን አፍጥጦ ነው፤ ፈገግታ የለ፣ ቁጣ የለ። አንድ ነገር ስጠይቀው ዝም ይላል። ተስፋ ቆርጬ ማድ ቤት ስገባ ያን ጊዜ ይመልስልኛል። ቴሌቪዥን ላይ ሲሆን ግን ዓይኑን ይተክላል። እኔን ለማየት የደከመ ዓይን ቴሌቪዥን ለማየት እንዴት በረታ? በዚህ ዕድሜዬ ጠላኝ ማለት ነው?»

ይህን ብለው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም እንደ ለመድኩት ስለ መነጋገር፣ ስለ ይቅርታና አብሮ ጊዜ ስለ ማሳለፍ መከርኳቸው። ምክሩ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ያለ ቦታው የተሰጠ ምክር ግን ነበር። እትዬ ቤታቸው ገብተው «እስቲ እየኝ! ለምን አታየኝም?» እያሉ ጋሼን ይጨቀጭቁ ጀመር። ጋሼም ከበፊቱ ይልቅ ዝም አሉ።

ከሳምንታት በኋላ ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው ነገሩን በዓይኔ አየሁት። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ፣ ጣቶቻቸው ትንሽ ጠጠር እንደሚያሽከረክር ሰው ጣት ይንቀሳቀሳሉ። እትዬን ስጠይቃቸው «እሱማ ፓርኪንሰን ነው ከተባለ ሦስት ዓመቱ፤ መድኃኒቱንም ይውጣል። ግን እኮ ያ የእጁ ነው!» አሉኝ።

ለካ ነገሩ የእጅ ብቻ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የነርቭ ሐኪም ጠየቅሁ፣ አነበብኩም። የተረዳሁትን እነሆ።

ሕመሙ የእጅ ብቻ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1817 ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ስለ «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» አንድ ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ። ስድስት ሕሙማንን አይቶ መንቀጥቀጣቸውን፣ መጉበጣቸውን፣ እየተንደረደሩ የሚሄዱትን አካሄድ በሚገባ ገለጸ። በአንድ ነገር ግን ተሳሳተ፤ የሕመምተኛው የስሜት ሕዋሳትና አእምሮ እንደማይጎዱ ጻፈ። በኋላ ሕመሙን በፓርኪንሰን ስም የጠራው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ አእምሮም እንደሚነካ አስተውሏል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው አስተሳሰብ በሰው ዘንድ ለረጅም ጊዜ ቆየ። እስከ ዛሬም በየቤታችን አለ።

በአንጎላችን መካከለኛ ክፍል ውስጥ፣ መልኩ ጠቆር ያለ ትንሽ ቦታ አለ። በዚያ ያሉት ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራሉ። በፓርኪንሰን ሕመም እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ዶፓሚን ሲያንስ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ሰውነት ይገትራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ዓይንን የሚያንቀሳቅሰውና ሐሳብን የሚያቀናጀውም መንገድ በዚያው ሰፈር ስለሚያልፍ አብሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። ስለዚህ የእትዬ እንባ የአንድ ቤት እንባ ብቻ አይደለም።

የፈጠጠው ዓይን

እትዬ «አፍጥጦ ያየኛል» ያሉትን እንመልከት። ጤነኛ ሰው በደቂቃ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። በፓርኪንሰን የታመመ ሰው የሚያርገበግበው ከዚህ በጣም ባነሰ ቁጥር ነው። የፊት ጡንቻዎችም ስለሚዘገዩ ደስታውም ኀዘኑም ፊቱ ላይ አይነበብም። ሰውየው በውስጡ እየሳቀ ፊቱ ግን አይስቅም። ዓይኑ በቂ እርጥበት ስለማያገኝ ይቆጠቁጠዋል፤ አሸዋ የገባበት ይመስለዋል።

ሐኪሞች የሚያዩት አንድ ቀላል ምልክት አለ። ግንባርን በቅንድቦች መካከል በጣት ደጋግመው መታ መታ ሲያደርጉት፣ ጤነኛ ሰው ጥቂት ጊዜ ዓይኑን ካርገበገበ በኋላ ይለምደውና ያቆማል። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ግን መታ ባሉት ቁጥር ያርገበግባል። አስተውሉ! በራሱ ጊዜ ማርገብገብ የረሳው ዓይን፣ ሲነኩት ግን ይመልሳል፤ ማቆምም ያቅተዋል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ የጽሑፌ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ዓይን በሁለት መንገድ ይዘላል

አሁን ይህን ገጽ ስታነቡ ዓይናችሁ በመስመሩ ላይ እንደ ውኃ የሚፈስ ይመስላችሁ ይሆናል። ግን አይፈስም፤ ይዘላል። ከቃል ወደ ቃል ይዘላል፣ ለአፍታ ያርፋል፣ እንደ ገና ይዘላል። በአንድ ሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል እንዲህ ያደርጋል።

ይህ ዝላይ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ሳናስብ የሚሆነው ነው። በር ድንገት ሲከፈት ወይም ሕፃን ሮጦ ሲገባ፣ «ልይ» ሳንል ዓይናችን እዚያ ይደርሳል። ነገሩ ራሱ ዓይናችንን ጠራው ማለት ነው። ሁለተኛው በፈቃዳችን የምናደርገው ነው። ምንም ነገር ሳይጠራን «እስቲ የባለቤቴን ፊት ልይ» ብለን ዓይናችንን የምናዞረው ነው። ይህኛው ከግንባራችን በስተ ኋላ ባለው የአንጎል ክፍል ተወስኖ፣ ፓርኪንሰን በሚጎዳው ጥልቅ ክፍል በኩል አልፎ የሚመጣ ትእዛዝ ነው።

በፓርኪንሰን ሕመም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ የመጀመሪያው ዓይነት ዝላይ ብዙም አይጎዳም። የሚደክመው ሁለተኛው ነው። በፈቃድ የሚዘለው ዓይን ያሰበበት ሳይደርስ አጥሮ ይቀራል። አንድ ጊዜ ዘሎ የሚደርስበትን ቦታ፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው በትንንሽ እርምጃ ይደርስበታል።

ምክንያቱን ለመረዳት የሁለት ተመራማሪዎች ሥራ ረድቷል። ሂኮሳካና ዉርትዝ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት የዝንጀሮ ጥናት፣ ከዚያው ጠቆር ካለው የአንጎል ቦታ የሚወጡ ሕዋሳት ዓይንን በሚያዘልለው ክፍል ላይ ፍሬን ይዘው እንደሚቀመጡ አሳዩ። ዓይን እንዲዘል ፍሬኑ ለአፍታ መለቀቅ አለበት። ዶፓሚን ሲያንስ ፍሬኑ በሚገባ አይለቀቅም። መኪናው ነዳጅ አለው፣ ሾፌሩም መሄድ ይፈልጋል፤ ግን የእጅ ፍሬኑ ተይዟል።

አሁን የእትዬን ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ቴሌቪዥኑ በየሰከንዱ ይንቀሳቀሳል፣ ያበራል፣ ይለዋወጣል፤ ራሱ የጋሼን ዓይን ይጠራል። እትዬ ግን ከጎን ተቀምጠው በለሆሳስ ሲያወሩ፣ ጋሼ ወደ እርሳቸው ለመዞር ዓይናቸውንም አንገታቸውንም በፈቃዳቸው ማዘዝ አለባቸው። የደከመው ደግሞ ያ ትእዛዝ ነው። የፍቅር ማነስ አልነበረም።

ዓይን ስለ አእምሮ የሚናገረው

በ1978 እ.ኤ.አ. ሃሌት የተባለ ተመራማሪ አንድ ፈተና አስተዋወቀ። ተፈታኙ መካከል ላይ ያለ ነጥብ ያያል። ድንገት በአንድ ወገን ብርሃን ብልጭ ይላል። ትእዛዙ «ብርሃኑን አትይ፤ በተቃራኒው ወገን ተመልከት» የሚል ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ሊዘል የተነሣውን ዓይን መግታት ነው። ሁለተኛው ምንም ወደ ሌለበት ቦታ በፈቃድ መላክ ነው።

ፓርኪንሰን ያለባቸው ሰዎች በዚህ ፈተና ከእኩዮቻቸው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ ዓይናቸው ሳይፈልጉ ወደ ብርሃኑ ያመልጣል። ተመራማሪዎች ይህንን ከአእምሮ ሥራ ጋር አያይዘው አጥንተዋል። በዚህ ፈተና ብዙ የሚሳሳቱ ሰዎች በማቀድ፣ ከአንድ ሐሳብ ወደ ሌላ በመሻገርና የማያስፈልገውን በመግታትም የሚቸገሩ ሆነው ይገኛሉ። ሕመሙ ወደ መርሳት በሽታ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ያ በራሱ የሚዘለው ዓይን እንኳ ይዘገያል። ዓይንና ሐሳብ በአንድ ቤት የሚኖሩ ወንድማማች ናቸውና አንዱ ሲታመም ሌላውም ያቃስታል።

ወገኖቼ፣ ይህን አንብባችሁ ግን ባላችሁን ወይም ሚስታችሁን ቤት ውስጥ በጣት እንዳትፈትኑ አደራ። ፈተናው በመሣሪያ የሚለካ ነው። በእርሱ ብቻም ማንም ሰው «አእምሮው ተነክቷል» አይባልም። ሐኪሞች የማስታወስና የማሰብ ችሎታን የሚመዝኑባቸው ሌሎች የቃልና የጽሑፍ ፈተናዎች አሏቸው።

በጋሼ ላይ የሆነው ይህ ነበር። ለብዙ ዓመታት የእድሩን ሒሳብ ይዘው ነበር። ከጊዜ በኋላ ገቢውና ወጪው አልገጥም አለ። መደመር አልጠፋባቸውም። የጠፋባቸው የቱን አስቀድመው የቱን አስከትለው እንደሚሠሩ ነበር፤ አንዱን ደረሰኝ ሲጀምሩ ሌላው ሐሳባቸውን ይጠራዋል። አንዳንድ ሰው በጥርጣሬ አየን ብለው ሒሳቡን ራሳቸው አስረከቡ። በጣም ያዘኑት በዚያ ቀን እንደ ነበር እትዬ ነግረውኛል።

የማስታወስ ነገርም እንዲሁ ነው። በፓርኪንሰን ሕመም፣ በተለይ በመጀመሪያ ላይ፣ ትዝታው ብዙ ጊዜ ከአእምሮ መዝገብ አልጠፋም። የከበደው ፈልጎ ማውጣቱ ነው። ትንሽ ፍንጭ ሲሰጡት ይመጣል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ማርገብገቡም፣ የዓይን ዝላዩም፣ ትዝታውም አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው። በራሱ ለመነሣት የከበደው ሁሉ ሲጠሩት ይመጣል።

እውነቱን ግን ልንደብቅ አይገባም። ሕመሙ ዓመታት በቆየ ቁጥር የአእምሮ ችግሩ ሊከብድ ይችላል። በአውስትራሊያ ሲድኒ ሕሙማንን ለሃያ ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳወቀው፣ ሃያ ዓመት ከኖሩት መካከል 83 በመቶው የመርሳት በሽታ ደርሶባቸዋል። ይህ ከረጅም ዓመታት በኋላ የታየ ነው፤ የሁሉም ሰው ፍጥነትም አንድ አይደለም። ነገር ግን አስቀድሞ ማወቅ ቤተሰብን ያዘጋጃል።

ጥግ ላይ የተቀመጡት ልጆች

አንድ ማታ ጋሼ «እነዚያ ልጆች የማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ሳሎኑ ጥግ ላይ የተቀመጡ ትንንሽ ልጆች ይታዩዋቸው ነበር። እትዬ ግን ማንንም አላዩም። ቤተሰቡ ደነገጠ። ወንድሞች ተጠሩ፤ ርኩስ መንፈስ ነው ተብሎ በታላቅ ድምፅ ተጸለየ። ጋሼ ፈርተው ተንቀጠቀጡ፤ ለካ ፊታቸው ባያሳይም በውስጣቸው ይሸበሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በዚያ ምሽት ከቆሙት አንዷ ነበርኩ።

በፓርኪንሰን ሕመም የሌለ ሰው ወይም እንስሳ መታየቱ የታወቀ የሕመሙ ክፍል ነው። የአእምሮ ሥራ መድከም ሲጀምር ይበዛል፤ መድኃኒትም ሊያመጣው ይችላል። ጋሼን ያዩት ሐኪም መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ጠየቁ። ለመንቀጥቀጡ አርቴን የሚባለው ክኒን ተጨምሮላቸው ነበር። ይህ መድኃኒት በአገራችን በብዛት ይታዘዛል። መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፤ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ግን መርሳትን፣ ግራ መጋባትንና የሌለ ነገር ማየትን ሊያመጣ ይችላል፤ ዓይንንም ያደበዝዛል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ቀነሱላቸው። ከሳምንታት በኋላ ልጆቹ መታየታቸውን አቆሙ።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ እንጸልይ፤ ግን በታመመ ሰው ላይ አንጩህበት፤ ወደ ሐኪምም እንውሰደው። ጸሎትና ሕክምና ጠላቶች አይደሉም። ሁለተኛ፣ «ተፈውሻለሁ» ተብሎም ሆነ ለጾም ተብሎ የፓርኪንሰን መድኃኒት በድንገት አይቆምም። በድንገት ማቆም ከባድ ትኩሳትና የሰውነት መገተር አምጥቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። መቀነስ ካለበት ሐኪሙ ይቀንሰው። ደግሞም ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራሚድ፣ ለአእምሮ መታወክ የሚሰጠውም ሃሎፔሪዶል ፓርኪንሰንን በጣም ያብሳሉ። የትም ሕክምና ስትሄዱ «ፓርኪንሰን አለበት» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ለባልና ሚስት ጥቂት ምክር

1ኛ. ከጎን ወይም ከኋላ ሆናችሁ አትናገሩ። ፊት ለፊት ቅረቡ፣ እጁን ንኩ፣ በስሙ ጥሩት፤ ዓይኑ እናንተ ላይ ሲያርፍ ተናገሩ። በራሱ የማይመጣውን ዓይን ጥሩት።

2ኛ. ለማነጋገር ስትፈልጉ ቴሌቪዥኑንና ሬድዮኑን አጥፉ። የሚጠራውን ሁሉ መግታት ያቃተው ዓይን ሁለት ጠሪ አይችልም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይሁን።

3ኛ. ጠይቃችሁ ጠብቁ። በልባችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። መልሱ በመንገድ ላይ ነው። ጥያቄውን ከደጋገማችሁበት ግን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

4ኛ. ፍንጭ ስጡ። «ምን ትበላለህ?» ከማለት «ሽሮ ይሻልሃል ወይስ ፍርፍር?» ማለት ይቀላል። «ትናንት ማን መጣ?» ከማለት «ትናንት የታናሽ እህትህ ልጅ መጥታ ነበር አይደል?» በሉ።

5ኛ. እግሩ በር ላይ ተተክሎ ሲቀር አትጎትቱት። ወለሉ ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ፕላስተር በመስመር መስመር ለጥፉ። እግርም እንደ ዓይን ነው፤ የሚጠራው መስመር ሲያይ ብዙ ጊዜ ይረማመዳል። የሌሊት መብራትም አይጥፋ።

6ኛ. ማንበብ ቢተው ሰነፈ አትበሉት። ሁለቱ ዓይኖች ለቅርብ ነገር አብረው መገናኘት ሲያቅታቸው ፊደል ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል፤ መስመርም ይጠፋል። ትልልቅ ፊደል ያለው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ከመስመሩ በታች የሚያዝ ማስመሪያ፣ ለንባብ ብቻ የሚሆን መነጽር ይረዳል። ለደረቀው ዓይን ደግሞ የዓይን ሐኪም የሚያረጥብ ጠብታ ይሰጣል። ከዚያም አልፎ፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንብቡለት።

7ኛ. ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ ከወደቀና ዓይኑን ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ማዞር ካቃተው ለሐኪም ንገሩ፤ ፓርኪንሰንን የሚመስል ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ግራ ከተጋባም ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አትቆዩ። መኪና የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ተነጋገሩበት።

አስታማሚውንም አንርሳ። እንደ እትዬ ያለ ሰው ሌሊት ይነሣል፣ ቀን ይሠራል፣ «እንዴት ነሽ?» የሚለው ግን ጥቂት ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከታማሚው ጋር የሚቀመጥ ወንድም ወይም እህት መመደብ ለማንኛውም ጉባኤ የሚከብድ ነገር አይደለም።

በቅርቡ እትዬን ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ጋሼ አልዳኑም፤ እንዲያውም ድምፃቸው ቀንሷል። እትዬ ግን የራሳቸውን ወንበር ከጎን አንሥተው ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተክለውታል። «አሁን ማየት ቢፈልግም ባይፈልግም እኔን ነው የሚያየው!» ብለው ሣቁ። ከዚያ የጋሼን እጅ ይዘው ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦ «ለካ ፊት የነሣኝ እሱ አይደለም፤ እሱንም ፊቱን የነሣው ሕመሙ ነው።» ጋሼ ትንሽ ቆይተው፣ ምናልባት እስከ አሥር ተቆጥሮ ሲያበቃ፣ የእትዬን እጅ ጨበጥ አደረጉ። ፊታቸው አልተለወጠም።